ንፋስ የምትፈራው እናቴ እና የወፍጮ ቤቱ ኤሲ

እናቴ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ንፋስ የምትፈራው ነገር የለም። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስትሄድ፣ ገና አንድ እግሯን እንዳስገባች አይኗ የሚሄደው ወደ መስኮቶቹ ነው። ትንሽ ክፍተት ካየች፣ «ልጄ፣ በእናትህ ዝጋው፣ ይመታኛል» ትላለች። ሰውየው እያላበውም ቢሆን ይዘጋል። እሷ ብቻ አይደለችማ! ሚኒባሱ ሙሉ ንፋስ የሚመታው ሰው ነው። እኔ ስከፍት ከኋላዬ አንዱ ይዘጋል፣ ደግሜ ስከፍት ረዳቱ ይቆጣኛል፣ እንደዚያው ታፍነን አየር ጤና እንደርሳለን። በዚህ ነገር ከስንት ሰው ጋር እንደተጣላሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህን የማወራው ለሳቅ አይደለም። ታናሽ ወንድሜን ሊገድለው የነበረው ይሄው ፍርሃት ስለሆነ ነው።

ወንድሜ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ይሠራ ነበር። የእንፋሎት ቱቦ ፈነዳና ከአንገቱ በታች ጀርባውን፣ ደረቱንና ሁለቱን እጆቹን ቀቀለው። ከሆስፒታል የወጣው ብዙ ወራት ከተኛ በኋላ ነው። ቁስሉ ድኗል፤ የወጣው ቆዳ ግን ሌላ ቆዳ ነው፣ ወፍራምና የተጨማደደ። ጣቶቹም ተኮራምተው በደንብ አይጨብጡም። ስንወጣ ሐኪሟ እኔንና እናቴን አስቀምጣ፣ «ላብ የሚያወጣው ቆዳ ተቃጥሏል። ሰውነቱ ሲሞቅ ራሱን ማብረድ አይችልም። ቀዝቃዛ ቦታ ይኑር፣ ሙቀት ይገድለዋል» አለችን። እናቴ እያንዳንዱን ቃል ራሷን በእሺታ እየነቀነቀች ተቀበለች። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብላም መረቀቻት። ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መስኮቱን ዘግታ ጋቢ ማልበስ ነበር።

«ሐኪሟ ምን ነበር ያለችው?» አልኳት።

«ይጠንቀቅ ነዋ ያለችው። የተጎዳ ሰውነት ደግሞ ብርድ አይችልም።»

ወንድሜ እሷ ስታለብሰው እንቢ ማለት አይሆንለትም። ከጋቢው ስር ሆኖ ወደ እኔ አየና አይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ደግሞ ጠያቂው መጣ። የሰፈር ሰው መጠየቁ ደግ ነገር ነው፣ አልጠላም። ግን ሳሎን ቁጭ ብለው፣ እሱ ፊታቸው ተቀምጦ እየሰማ፣ «እንዴት ያለ ሸበላ ልጅ ነበር!» ይላሉ። ነበር! አንዷማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እጁን ገልጣ አየችውና እሪ አለች። እኔ ብስጭቴ ይመጣና፣ «እትዬ፣ ልጁ አልሞተም እኮ» እላለሁ፤ እናቴ ደግሞ በኋላ «ሰው ታስቀይሚያለሽ» ብላ ትቆጣኛለች። በመጨረሻ ወንድሜ ፍራሹን ይዞ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ገባ። እዚያ የሚያየው ሰው የለም።

አባታችን በሕይወት እያለ የሰፈሩን ጤፍና ስንዴ የሚፈጭበት ቤት ነው። ወፍጮው ከተሸጠ ቆይቷል። የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ለወፍጮው የገባ ወፍራም የመብራት መስመር፣ ከላይ ደግሞ ኮርኒስ የሌለው ራቁቱን የቀረ ቆርቆሮ ነበር። ግድግዳውን ብትመታው እስከ ዛሬ ዱቄት ይረግፋል። ጠረግነው፣ ቀለም ቀባነው፣ አልጋና ጠረጴዛ አስገባንለት፣ የሰው ቤት መሰለ።

ሰበታ ደግሞ ምን ሙቀት አለ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዛፍ ጥላ ስር ለተቀመጠ የለም። መጋቢት ላይ በስድስት ሰዓት ያ ቆርቆሮ ስር ግቡና ከዚያ እናወራለን። ወንድሜ ግንባሩ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ከአንገቱ በታች ግን ጠብታ የለም። ፊቱ ይቀላል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል። በጆግ ውሃ እያፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል። እናቴ ሳታየው ነው ታዲያ፤ ካየችውማ እርጥብ ወለል ላይ ተኛብኝ ብላ አገር ይያዝልኝ ትላለች።

ሱሉልታ አክስት አለችን። «እኔ ጋ አምጡት» አለች በስልክ። «እዚህ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ሹራብ አናወልቅም።» ለእሱ የሚሆን ቦታ ከተባለ ከዚያ የሚሻል አልነበረም። እናቴ ግን ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ «ልጄን ውርጭ ላይ ልጥለው? እኔ በቁሜ?» ብላ ዘጋችባት።

ወንድሜ በዚያው ቀን ቁርጡን ነገረኝ። «ይሄን በጋ እዚህ ካልቻልኩት እሄዳለሁ» አለ። «ከሄድኩ ደግሞ የምመለስ አይመስለኝም። እማዬን ትቼ ስወጣ አንዴ ነው የምችለው፣ ሁለቴ አልችልም።» አባታችንን ከቀበርን ወዲህ እናቴ የምትነሳው የእሱን ድምፅ ስትሰማ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው፤ ቀኑን ሙሉ የእሷ ሰው እሱ ነው። እሱ ሱሉልታ ከገባ እሷ በሕይወት እንደማትቆይልኝ አውቄያለሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ቤት የሚያቀዘቅዘው ኤሲ የመጣው ከቡራዩ ነው። የአጎቴ ልጅ ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ስለነበር፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ኤሲ «ፍቺና ውሰጂው» አለኝ። አንዱ ክፍል ቤት ውስጥ የሚሰቀል፣ አንዱ ውጪ የሚቀመጥ፣ በመዳብ ቱቦ የሚገናኙ ዓይነት ነው። በጭነት መኪና አስጭኜ መጣሁ። የሚገጥም ባለሙያ ስጠራ፣ መጥቶ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ሳቀ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የሰበታን ሰማይ ማቀዝቀዝ ነው» ብሎ ሄደ። ወንድሜ በሩ ጀርባ ተደብቆ ነበር። ሌላ ሰው እንዳልጠራ በእግዜር ስም ለመነኝ። «እኔ አውቀዋለሁ። አንቺ እጄን ሁኚልኝ፣ እኔ እነግርሻለሁ» አለኝ።

እጁ ሆንኩ። እንደ እኔ ዓይነት ግልፍተኛ እጅ ግን ለማንም አይስጥ! መጀመሪያ ኮርኒሱን ሠራን። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፋሁ፣ በላዩ ከፈረሱ ፍራሾች ያወጣነውን ስፖንጅ ደረደርኩ፣ እንጨቱ ላይ ወጠርኩት። ፀጉሬ ውስጥ የገባው ዱቄት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። ቀጥሎ የውስጡን ክፍል መስቀያ ብረት ግድግዳው ላይ ማሰር ነበር።

«ውሃ ልኩን አስቀምጪ» ይላል ከታች።

«አስቀምጫለሁ።»

«ወደ ግራ ያዘነበለ ነው።»

«አንተ ና ስቀለው እንግዲህ!» አልኩና ዞር ስል የተኮራመቱ ጣቶቹን አየሁ። እሱ ግን ሳቀ። «ብችል ኖሮ አንቺን የምለምን መሰለሽ? እንዲህ ያለ ሙያተኛማ በደመወዝም አልቀጥር» አለ። ከአደጋው ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። መሰላሉ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ፤ አቧራ ገባብኝ አልኩት።

ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ስበሳ ክንዴ ዛለና ወደ ውጪ ማዘቅዘቅ የነበረበት ወደ ውስጥ አዘቀዘቀ። ኋላ ማሽኑ ሲሠራ ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ወደ ደጅ መፍሰሱን ትቶ አልጋው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «ይኸው! ብርድ ነው ስላችሁ እምቢ አላችሁ፣ አሁን ደግሞ ዝናብ አመጣችሁበት» አለች። ቀዳዳውን እንደገና ማስፋት ግድ ሆነ።

ፍሪጅ የሚጠግኑ ጎረቤት አሉን፣ አባቴን ወፍጮው በተበላሸ ቁጥር ያግዙት የነበሩ ሽማግሌ፣ ልጅ አዋቂው በኦሮምኛ ኦቦ ነው የሚላቸው። ወንድሜ ከሰው ሁሉ እሳቸውን ብቻ አያፍርም። ከቱቦው ውስጥ አየሩን መጥጦ የሚያወጣ ፓምፕ ይዘው መጡልን፣ የመብራቱንም መስመር አስተካከሉ። ፓምፑ ሥራውን ሲጨርስ ወንድሜ፣ «አሁን ጋዙን ልቀቂው፣ ቀስ ብለሽ» አለኝ። መክፈቻውን አዞርኩ። ጋዙ በቱቦው ውስጥ ሽሽሽሽ ብሎ ሄደ።

ዞር ስል ወንድሜ ከአጥሩ ጋር ተጣብቋል። ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጓል። ቱቦ ሲያፏጭ ሰምቶ የሚያውቀው ያን ቀን ነበር፣ ከመፈንዳቱ በፊት። ኦቦ ፓምፑን አስቀምጠው ሄዱና በእሱና በማሽኑ መካከል ቆሙ። «አይዞህ፣ ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው፣ ና ንካው» አሉት በኦሮምኛ። ብዙ ቆይቶ መጣና ባልተቃጠለው ጉንጩ ቱቦውን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር።

ኤሲው ሲነሳ ወንድሜ ሸሚዙን አውልቆ ፊት ለፊቱ ቆመ። ለእኔም ቢሆን ጀርባውን አያሳይም ነበር፤ ያን ቀን ረሳው። «ኡፍፍ» አለ ብቻ። አንድ ሰው ሸክም አውርዶ የሚያወጣት ድምፅ ናት። እኔ ደስታዬን አልቻልኩም፣ ኦቦን አቀፍኳቸው። እናቴ ግን ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ደጃፉ ላይ ቀረች። «በገዛ እጃችሁ ልጄን ፍሪጅ ውስጥ ከተታችሁት» አለች። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልገባችም።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ። እሱ ሲተኛ በእግሯ ጣት ገብታ በሪሞቱ ታጠፋዋለች፣ እሱ ነቅቶ ያበራዋል። ሪሞቱን ትራሱ ስር መደበቅ ጀመረ። እኔ ደግሞ እሷን ይዤ ስለ ላብ፣ ስለ ቆዳ፣ ሐኪሟ ስላለችው አስረዳለሁ። «እሺ ይሁን» ትላለች። የእናቴ እሺ ይሁን ደግሞ አልሰማሁሽም ማለት ነው። አንድ ቀን ፌስታል በንፋስ መጥቶ የውጪው ክፍል ጀርባ ላይ ልጥፍ ብሎ አየችው። እጄን ይዛ ወስዳ አሳየችኝ። «ይኸው ተመልከቺ፣ የደጁን ንፋስ እየሳበ ነው ልጄ ላይ የሚያፈሰው።» ሳቅኩባት። የደጁ አየር ወደ ቤት እንደማይገባ፣ ማሽኑ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጪ ብቻ እንደሚያወጣ ነገርኳት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ያ በሐኪሟ ጊዜ የነቀነቀችው ዓይነት መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

ቀኑ ከሁሉም የባሰ ሙቀት የነበረበት ነው። ተማሪዎቹን እየፈተንኩ ስለነበር ስልኬ ጠፍቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ የግቢውን በር ከፍቼ ስገባ ግቢው ጭር ብሏል። የኤሲው ድምፅ የለም። ወደ ጀርባ ዞርኩ። የውጪው ክፍል በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል፣ ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሕፃን። ማሽኑ መተንፈሻ ሲያጣ ራሱን አጥፍቷል። የወፍጮ ቤቱ በርም፣ መስኮትም፣ ከበሩ ስር ያለው ክፍተት ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል።

ስገባ ወላፈኑ ፊቴን መታኝ። ወንድሜ አልጋው ላይ በሁለት ጋቢ ተጀቡኗል። እናቴ አጠገቡ ተንበርክካ ሦስተኛ ልትደርብ ነው። «ነይ ልጄ፣ ምች ነው የመታው፣ እሳት ሆኖብኛል» አለችኝ እያለቀሰች። «ሲተኛ ንፋሱ እንዳይመታው ትንሽ ላልብሰው ብዬ... ያ ማሽን ትንሽ ቢቀንስ ብዬ... ኢልመ ኮ! ልጄን!»

«ገደልሽው!» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት፣ ጎረቤት ሰምቷል። ጋቢዎቹን ገፍፌ ወረወርኩ። ዓይኑ ተገልብጧል፣ ስጠራው የሚመልስልኝ የማይገባ ነገር ነው። ባልዲ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ብርድ ልብሱን ከማሽኑ ላይ ቀድጄ አወጣሁ፣ በሩን በርግጄ ከፈትኩ። እናቴ ውሃ ሳፈስበት አየችና፣ «ኧረ በማርያም! በዚህ ትኩሳት ላይ ውሃ!» ብላ እጄን ያዘችኝ። ገፋኋት። ኦቦ ጩኸቱን ሰምተው መጡና በመኪና ጤና ጣቢያ አደረስነው። ዳነ። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ የጀመረው ነርስ ፊቴን አይቶ አልጨረሰውም።

ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ወንድሜ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አክስታችን ጋ ደውሎ፣ ቅዳሜ ልጇ በመኪና እንዲወስደው ጨረሰ። ልብሱን በሻንጣ ከተተ። «እማዬ እያፈቀረች ትገድለኛለች» አለኝ። «ከዚያ ደግሞ እሷ በምን ትኖራለች? ብሄድ ይሻላል።» እናቴ ሁሉንም ሰማች። አልለመነችውም፣ አላለቀሰችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ አልደረሰችም። እህል ቢቀርብላት ትነካካና ትተወዋለች። እኔም ገደልሽው ያልኩት ቃል በመካከላችን ተገትሮ፣ ይቅርታ ማለት እፈልጋለሁ፣ ንዴቴ ግን ገና አልበረደም።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ወንድሜ ሻንጣውን በሩ ስር አስቀምጦ መኪናውን ሲጠብቅ መብራት ጠፋ። ምን ይደረጋል፣ መብራት ነው፣ ይጠፋል። ኤሲው አንዴ ተንፍሶ ዝም አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። የጆንያ ኮርኒሳችን ትንሽ ያዘልን፣ ከዚያ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ወደ እኛ ይወርድብን ጀመር። መኪናው ደግሞ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘገየ። የወንድሜ ግንባር ራሰ፣ ፊቱ ቀላ። አልጋው ላይ ጋደም አለ። ውሃ ላመጣ ስነሳ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

ባዶ ራሷን ነበረች። ነጠላዋን በባልዲ ውሃ ነክራ ይዛዋለች፣ በብብቷ ስር ሰፌድ አለ። የመጣችበትን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ወደ ጀርባው መስኮት ሄዳ የወተፈችውን ጨርቅ በገዛ እጇ ነቀለችና እሱንም ከፈተች። ንፋሱ ከበር ገብቶ በመስኮት ወጣ፣ መሀል ላይ እሷን እያገኘ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ሸሚዙን ልታወልቅለት ጀመረች። እጇን ያዛት። «ተው፣ እኔ ነኝ የወለድኩህ» አለችው። ለቀቃት።

ያን ጀርባ እናቴ ከሆስፒታል ወዲህ ነክታው አታውቅም። መዳፏን አስቀመጠችበት። ከዚያ ግንባሩን ዳሰሰች፣ እንደገና ጀርባውን። «እዚህ ውሃ ነው» አለች፣ «እዚህ ደግሞ ጠብ አይልም። እንደ ምድጃ ነው የሚፋጀው።» ወደ እኔ ቀና አለች። «ይሄን ነበር የምትነግሪኝ?»

«እሱን ነው እማዬ» አልኳት። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

እርጥቡን ነጠላ ጀርባው ላይ ዘርግታ በሰፌዱ ታራግብለት ጀመር። እህል የምታነፍስ ይመስል በሁለት እጇ፣ በሙሉ ጉልበቷ። የደጁ ንፋስ አንገቷን እየመታት ነው፤ ጉንጯ ላይ ያለው ፀጉር ሲበር አያለሁ። ሚኒባስ ውስጥ በጣት ስፋት ለምትገባ ንፋስ ሰው የምትለማመጥ ሴት ናት። ክንዷ ሲዝል «ልቀበልሽ» አልኳት። «ዞር በይ» አለችኝ። የሚያዞረው እየለቀቀው፣ የፊቱ ቅላት እየቀነሰ ሄደ።

ደጅ መኪና ጡሩንባ ነፋ። የአክስታችን ልጅ ነው። ወዲያው ደግሞ መብራት መጣ፤ ኤሲው ጢጥ ብሎ ከላይ ቀዝቃዛውን ይለቅ ጀመር። እናቴ አልሰማችውም። ፊቷ በላብ ረጥቦ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሰፌዱን ታወዛውዛለች። ወንድሜን አየሁት፣ አየኝ፤ ማናችንም መብራት መጣ አላልናትም። ጡሩንባው ደግሞ ተነፋ። ልውጣና ምን ልበለው ብዬ በዓይኔ ጠየቅኩት።

ወንድሜ ፊቱን ትራሱ ላይ መለሰ። «እማዬ» አላት፣ «ትንሽ ወደ ትከሻዬ አድርጊው።»